የማራገቢያውን ፍጥነት ያስተካከሉልኝ ሁለት ባለሙያዎች

ለስድስት ሳምንት ዕረፍት ወደ አገር ቤት ስመለስ የተከራየሁት ቤት ማቀዝቀዣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ሳይሆን፣ ከኮርኒሱ በላይ ተቀምጦ ቀዝቃዛ አየር በቱቦ ለየክፍሉ የሚያደርስ ነበር። ስለ ቤቱ የማማርረው የለኝም። ይህን የምጽፈው ስለ ጥገና አገልግሎቱ ሲሆን፣ ለአንድ ችግር የጠራኋቸው ሁለት ድርጅቶች አሠራር እጅግ ስለተራራቀብኝ ነው።

ችግሩ ድምፅ ነበር። ማራገቢያው በተነሣ ቁጥር ከመኝታ ቤቱ የአየር መውጫ የሚመጣው ፉጨት እንቅልፍ ይነሣል፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው የአየር መመለሻ ፍርግርግም ይንቀጠቀጣል። ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) የሚያስመርጠው «አውቶ» እና «ኦን» ብቻ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ማራገቢያው መቼ እንደሚዞር እንጂ በምን ፍጥነት እንደሚዞር አይወስኑም። በዚህ ዓይነቱ ማሽን ፍጥነቱ የሚወሰነው ከሞተሩ ከሚወጡት ሽቦዎች የትኛው እንደተያያዘ ነው።

የመጀመሪያው ባለሙያ በጠራሁት ዕለት ደረሰ፤ ትሑት ነው፣ ሥራውንም በሃያ ደቂቃ ጨረሰ። ክዳኑን ከፍቶ የከፍተኛውን ፍጥነት ሽቦ ነቅሎ የዝቅተኛውን አያያዘ፤ ቤቱም ጸጥ አለ። አመስግኜ ሸኘሁት። በሦስተኛው ቀን ግን ከመውጫዎቹ የሚመጣው አየር ትንፋሽ ያህል ብቻ ሆነ፤ ማሽኑን ሳጠፋው ደግሞ ከኮርኒሱ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ኮይሉ፣ ማለትም አየሩን የሚያቀዘቅዘው የቱቦ ጥቅል፣ በረዶ ሠርቶ ኖሯል። በኮይሉ ላይ የሚያልፈው አየር ሲያንስ የኮይሉ ሙቀት ከ0 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ በላዩ የተጠራቀመው እርጥበት ይረጋል፣ በረዶው ደግሞ የቀረውን ማለፊያ ይዘጋዋል። ስልክ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ጋዝ ጎድሎ ይሆናል፣ መጥተን እንሙላ» የሚል ስለነበር አልተስማማሁም።

ሁለተኛው ድርጅት የላካቸው ጠና ያሉ ሰው ከቀጠሮው ሁለት ቀን ዘግይተው መጡ፤ ይህን በበጎ አላነሣውም። ነገር ግን ሞተሩን ከመንካታቸው በፊት ማጣሪያውን አውጥተው ወደ መስኮቱ አቀኑትና፣ «ልጄ፣ በዚህ ውስጥ ብርሃን ይታይሃል?» አሉኝ። አልታየኝም፤ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል። ቀጥሎ ከማራገቢያው በፊትና በኋላ ትናንሽ ቀዳዳ በስተው ግፊቱን ለኩ። የማሽኑ ጽሑፍ እስከ 125 ፓስካል ሲፈቅድ መለኪያቸው ከ200 በላይ አሳየ። ከጥፋቱ ከፊሉ የእኔ ነበር፤ መብራት እቆጥባለሁ ብዬ የማልገባባቸውን የሁለት ክፍሎች መውጫዎች ዘግቼ ስለነበር፣ አየሩ በቀሩት ጠባብ መንገዶች እየተገፋ ያፏጭ ነበር። ወደ መኝታ ቤቱ የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦም መታጠፊያው ላይ ተጨፍልቆ ተገኘ።

ማጣሪያው ተለውጦ፣ መውጫዎቹ ተከፍተው፣ ቱቦው ሲቃና ግፊቱ ከተፈቀደው በታች ወረደ። ፍጥነቱን የነኩት ከዚህ በኋላ ነው። በብዙ ሞተሮች ጥቁሩ ሽቦ ከፍተኛ፣ ቀዩ ዝቅተኛ ቢሆንም ቀለሙ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ መጀመሪያ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አነበቡ። የመካከለኛውን ፍጥነት አያይዘው፣ የቀሩትን ሽቦዎች ጫፍ ለየብቻ ሸፈኑ፤ ያልተያያዙትም ሞተሩ ሲሠራ ኤሌክትሪክ ስለሚኖርባቸው እርስ በርስ ከተነካኩ ሞተሩ ይቃጠላል። ለየ12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) በሰከንድ 190 ሊትር ገደማ አየር ማለፍ እንዳለበትም ነገሩኝ። በመጨረሻም ሙቀቱን ለኩ፤ የሚመለሰው አየር 26፣ የሚወጣው 16 ዲግሪ ነበር።

አዳዲሶቹ ሞተሮች ፍጥነታቸው ሰሌዳቸው ላይ ባሉ ትናንሽ ማብሪያዎች እንደሚስተካከልና፣ አንዳንዶቹ መንገዱ ሲዘጋባቸው የአየሩን መጠን ላለመቀነስ ይበልጥ እየፈጠኑ ድምፅና ፍጆታ እንደሚጨምሩ ስጠይቃቸው አስረዱኝ። የፍጥነት ነገር ቀላል አይደለም፤ ማራገቢያው በ20 በመቶ ሲዘገይ የሚፈልገው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ሲፈጥንም እንዲሁ በብዙ ይንራል።

ወለሉን በኮርኒስ ብናኝ ሞልተው ነው የሄዱት፤ ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ ግፊቱን፣ ሁለቱን ሙቀቶችና የተያያዘውን ሽቦ ቀለም ከነቀኑ በወረቀት ጽፈው ከክዳኑ በስተውስጥ ለጥፈዋል። የመጀመሪያው ባለሙያ የተወልኝ ደረሰኝ ላይ የሚነበበው «ፋን ተስተካክሏል» የሚል ብቻ ነው።