ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ዲጂታል ቴስተር በአሮጌ ቮልስ ላይ

የምጽፈው ስለ አንድ ቢጫ ዲጂታል ቴስተር፣ ማለት የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ባሕር ዳር ከኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት የገዛሁት ተራ ዕቃ ነው። ዋጋው ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከገዛሁት ወዲህ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፏል፤ ከቮልሴ ውስጥም ወጥቶ አያውቅም።

እኔ በምኖርበት በደብረ ማርቆስ አሮጌ መኪና ጠዋት አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሚወቀሰው ባትሪ ነው። ብዙ ደህና ባትሪ በዚህ ምክንያት ተጥሏል። የቴስተሩ ትልቁ ጥቅም ጥፋቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ ገንዘብ እንዳይወጣ ማድረጉ ነው።

መኪናዬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1970 ሥሪት ናት፤ 12 ቮልት። የ1960ዎቹ መጀመሪያ ቮልስ ያላችሁ ሰዎች የእናንተ 6 ቮልት ስለሆነ ከታች ያሉትን የቮልት ቁጥሮች በግማሽ አስሉ። ባትሪው ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ይህን በቀላሉ አትለፉት። የመቀመጫው ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እሳት ሊነሳ ይችላል። የባትሪው ክዳን ከጠፋ ወፍራም ጎማ ሳታለብሱት ከኋላ ሰው አታስቀምጡ።

አለካኩ ቀላል ነው። መኪናዋ አድራ፣ ምንም ነገር ሳይበራ፣ የቴስተሩን መዘውር 20 ቮልት ላይ አድርጌ የባትሪውን ሁለት ጫፎች እነካለሁ። 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ቀርቶታል። ከ12 በታች ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። ይህ ቁጥር ግን ብቻውን አይበቃም። ቆሞ ሲለካ 12.6 የሚያሳይ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲጎትተው ግን ዝቅ የሚል ባትሪ አለ። ስለዚህ ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጌ በዚያው ቅጽበት አነባለሁ። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ በእርግጥም ደክሟል። የማርቆስ የሐምሌ ጠዋት ለዚህ ፈተና ይመቻል። ብርዱ ባትሪውን ያደክማል፣ የሞተር ዘይቱንም ያወፍራል።

የእኔ ባትሪ ይህን ፈተና አለፈ። ሞተሩ ግን በግድ ነበር የሚዞረው። እዚህ ከተማ ለብዙ ዘመን ቮልስ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን አሉ። ጠጋ ብለው አዩና «ልጄ፣ ማሳውን ለክተኸዋል?» አሉኝ። ማሳ የሚባለው ኃይሉ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር ነው። በቮልስ ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ነው የሚቀመጡት። ከሻንሲው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው ፊት ለፊት ያለ አንድ የተጎነጎነ ማሰሪያ ነው። እሱ ከዛገ ሞተሪኖው የሚፈልገው ኃይል የሚመለስበት መንገድ ያጣል።

አንዱን የቴስተር ገመድ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርገን ቁልፉ ተዞረ። ግማሽ ቮልት እንኳ መድረስ የለበትም። ከ2 ቮልት በላይ አሳየ። ማለት ከባትሪው ከሚወጣው ኃይል ከፊሉ ለሞተሪኖው ሳይውል ማሰሪያው ላይ ሙቀት ሆኖ እየቀረ ነበር። ማሰሪያውን ፈትተን፣ የሚያርፍበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍገን አዲስ አሰርን። በነጋታው መኪናዋ ለመጀመሪያ ቁልፍ ተነሳች። ባትሪው ያው የድሮው ነው። ዝናብና ጭቃ በሚበዛበት በእኛ አገር ይህ ማሰሪያ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ሊታይ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ትልቅ ችግር የታየው አባይ በረሃ ላይ ነው። ከድልድዩ ጀምሮ ያለውን ዳገት ወጥቼ ደጀን ሻይ ልጠጣ ቆምኩ። ስመለስ ቁልፉን ባዞር ዝም። ሞተሪኖው «ቀጭ» እንኳ አይልም። ሞተሩ ሲበርድ ግን ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ይህ የቮልስ የታወቀ ጠባይ ነው፤ ብዙ ሰው ሞተሪኖ የሚቀይረውም እዚህ ላይ ነው።

በጀርመን መኪኖች እያንዳንዱ የሽቦ ጫፍ ቁጥር ስላለው ፍለጋው አያደናግርም። 30 በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣው ነው። 15 ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚያገኘው፣ 31 ማሳ፣ 50 ደግሞ ሞተሪኖውን የሚጠራው ነው። ቁልፉ እንደተዞረ 50 ላይ ስለካ 8 ቮልት ገደማ ብቻ አገኘሁ፤ ባትሪው ላይ ግን 12 ነበር። የቀረው የጠፋው ረጅም መንገድ ላይ ነው። ሽቦው ከባትሪ ወደ ፊት ሄዶ በቁልፉ መክፈቻ አልፎ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ዕድሜና ሙቀት ሲጨመሩበት የሚደርሰው ኃይል ሞተሪኖውን ለመጥራት አይበቃም። መፍትሔው ሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ፣ ማለት በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝ ማብሪያ መግጠም ነው። ቁልፉ ሪሌውን ብቻ ይጠራል፣ ሪሌው ከ30 አጭር ሽቦ ወስዶ 50ን ይመግባል። ከዚያ ወዲህ ደጀን ላይ ሞተሩ ትኩስ እያለ ያለ ችግር ይነሳል።

ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን ዲናሞ በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ እወቁ። የድሮ ቮልስ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ቻርጅ አያደርግም ማለት ይቻላል። ቆማችሁ ለክታችሁ ተበላሽቷል አትበሉ። ጋዝ ሰጥታችሁ ለኩ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ደህና ነው። ከ15 ካለፈ ሪጉላተሩ (የቻርጁን ልክ የሚቆጣጠረው) ባትሪውን እያፈላ ውሃውን ይጨርሰዋል። ሹፌሩ ፊት ያለው ቀዩ የቻርጅ መብራት እየነዳችሁ ድንገት ከበራ ደግሞ ወዲያው ቁሙ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፋንም ያዞራል። ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ይቃጠላል።

ቆማ የምትሰነብት መኪና ባትሪ ሲያልቅባት ቴስተሩ ሌላ ሥራ አለው። የቴስተሩን ቀይ ገመድ ወደ አምፔር ቀዳዳው አዛውሮ፣ የባትሪውን የኔጌቲቭ ገመድ ፈትቶ ቴስተሩን በመሃል ማስገባት ነው። ያልተነካካ አሮጌ ቮልስ ኮምፒውተር የለውምና ንባቡ ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። የእኔ 0.3 አምፔር አሳየ። ትንሽ ይመስላል፤ በ24 ሰዓት ግን ከ7 አምፔር ሰዓት ይበልጣል። 45 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ፊውዞቹን ተራ በተራ ሳወጣ አንዱ ላይ ንባቡ ወደቀ። ቀድሞ የነበረ ሰው ያስገባው ሬዲዮ በቁልፍ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪ ይመገብ ነበር። በዚህ ፈተና ጊዜ ሞተሪኖውን እንዳትነኩ። የሚስበው ከ100 አምፔር በላይ ስለሆነ ቴስተሩን ያቃጥለዋል። ስትጨርሱም ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳው መልሱ፤ እንደዚያው ትታችሁ ባትሪ ላይ ብታደርጉት ቀጥታ ሾርት ነው።

አሁን ስለ ዕቃው ጉድለት። ገመዶቹ ቀጭን ናቸው፣ በብርድ ይደርቃሉ። አንደኛው ከመያዣው ሥር ተበጥሶብኝ ወፍራም ገመድ ገዝቼለታለሁ። መብራት ስለሌለው ማታ ከመቀመጫ ሥር ለማንበብ ያስቸግራል። በራሱ አይጠፋም፤ ስለዚህ የራሱ 9 ቮልት ባትሪ ቶሎ ያልቃል። የባትሪው ምልክት ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ንባቡን ማመን አይቻልም። ከእውነተኛው አብልጦ ሊያሳይ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሁሉም ዲጂታል ቴስተር ጠባይ ነው። ቮልት ሲለካ ከሽቦው ምንም ኃይል አይወስድም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአንድ ክር ብቻ የተንጠለጠለ ሽቦ ላይም ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል። የፊት መብራቴ ሲደበዝዝ የሆነው ይኸው ነው። ንባቡ ደህና፣ መብራቱ ደካማ። የምለካው መብራቱ እንደበራ፣ ከነጭነቱ ሲሆን ነው እውነቱ የወጣው፤ ችግሩ የፊውዙ መያዣ ዝገት ነበር። አሁን ሁለት ሽቦ የተበየደበት የፍሬቻ አምፖል ከቴስተሩ ጋር እይዛለሁ። አምፖሉ ኃይል ስለሚስብ ደካማውን ሽቦ ወዲያው ያጋልጣል።

አሮጌ መኪና ላለው ሁሉ ግዙ እላለሁ። ስትገዙ ሽቦ ሲገናኝ የሚጮኸውን ምረጡ፣ የአምፔር ቀዳዳው ፊውዝ ያለው መሆኑን አይታችሁ ውሰዱ። መለዋወጫ 9 ቮልት ባትሪም አብራችሁ ያዙ።