ኮልሞዬን ሳያፍኑ ለዘጉልኝ አናጢ

ፍኖተ ሰላምና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ጣሪያችሁ ውስጥ ንብ፣ ተርብ ወይ አይጥ የገባባችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ትንሽ ትረዝማለች።

ቤታችን የ60 ቆርቆሮ ቤት ናት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያሠራት ኮልሞውን፣ ማለትም የጣሪያውን አናት ክዳን፣ ከቆርቆሮው ሁለት ጣት ያህል ከፍ አስደርጎት ነበር፤ ሙቀቱ በዚያ ይውጣ ብሎ። በበጋ ቀትር ቆርቆሮ ሥር ጋደም ብሎ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ክፍተቱ ላይ ወንፊት የሚባል ነገር አልተደረገበትም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ይወጣል፣ የሰፈሩ በራሪ ሁሉ ደግሞ ይገባል።

አምና መስከረም፣ አደይ አበባውም መጩም ሜዳውን ቢጫ ባደረገበት ሰሞን፣ አንድ መንጋ ንብ መጥቶ ኮልሞው ሥር ሰፈረ። እማዬ «ሲሳይ ነው፣ አትንኩት» አለች። እኔ ግን ትንሽ ልጅ አለኝ፣ ሲሳዩ ልጄን ሳይነድፍብኝ ብዬ ሰው ጠራሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም። መጣ፣ መድኃኒት ነፋበት፣ ንቡን ፈጀው፣ ክፍተቱን በማዳበሪያ ከረጢትና በስፖንጅ ጠቀጠቀው፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። እኔም ሞኟ አመስግኜ ሸኘሁት።

ብዙም ሳይቆይ ማር በኮርኒሱ ይንጠባጠብ ጀመር። ቀልድ አይደለም፣ የወንድሜ ትራስ ላይ። ለካ ንቡ በሕይወት እያለ በክንፉ እያራገበ ቤቱን ያቀዘቅዛል፤ እሱ ሲያልቅ ግን ቆርቆሮው የሚያግለውን የማር እንጀራ የሚጠብቅ ስለሌለ ይላላና ማሩ ይፈስሳል። ማሩን ጉንዳን ተከተለው፣ ከጉንዳን ቀጥሎ አይጥ መጣ። መድኃኒት የነካው ነውና አፋችን አናደርገው ነገር! እማዬ አንድም ቃል አልተናገረችም። ዝም ብላ ነበር የምታየኝ፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህም አላበቃም። ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ከቤቱ የሚነሳው እርጥብ አየር መውጫ አጥቶ ቆርቆሮው ጠዋት ጠዋት ያልበው ጀመር። ያ ላብ ኮርኒሱ ላይ ይወርዳል። ኮርኒሱ ሻይ የተደፋበት መሰለ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ጋቢ ሁሉ ሻገተ። በዝናብ አልፈሰሰ፣ በጠራ ሰማይ ሊፈስ!

እንግዲህ ልነግራችሁ ወደፈለግኳቸው ሰው ልምጣ። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የአክስቴ ባል ያገናኙኝ አናጢ ናቸው። እኔ «አያ» ነው የምላቸው። መሰላሉ ላይ ወጥተው አዩና ወደ ታች እንዲህ አሉኝ፦ «ጎጃም ተወልደሽ ንብ ታስፈጃለሽ፣ እታለም?» መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የተጠቀጠቀውን ሁሉ አወጡት። ቀጥለው የቀረውን የማር እንጀራና ሰፈፍ ከእንጨቱ ላይ ፍቀው ጨረሱ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙናም አሹት፤ ሽታው ከቀረ ለሚመጣው ዓመት መንጋ እንደ መጥሪያ ነው አሉ። ሁለት ባልዲ ሞልቶ ወጣ። የአይጡን ኩስ ደግሞ በደረቁ አልጠረጉትም፤ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ ረጭተው ካራሱት በኋላ ነው የጠረጉት። አቧራው በሽታ አለበትና እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ወንፊቱ ላይ ነው ሰውየውን የወደድኳቸው። እኔ የመስኮት የትንኝ መከላከያውን ገዝቼ ጠብቄያቸው ነበር። አልፈልገውም አሉ። ቀዳዳው በጣም ደቃቃ ስለሆነ የበጋው አቧራ ይደፍነዋል፣ ያኔ ተመልሰን እዚያው መታፈን ውስጥ ነን፤ ፕላስቲክ ደግሞ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አይጥም ይቆርጠዋል። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? መስኮቱ ሥር ከወደቁት የሞተች ንብ አነሡና በወረቀት ጠቅልለው ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄዱ። እዚያ ወንፊት እያስወረዱ በንቧ ለኩ! ባለሱቁ ያበዱ መስሎት ነበር መቼም። በመጨረሻ ዚንክ የተቀባ፣ ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የሽቦ ወንፊት ይዘው መጡ፣ ንብ የማታልፍበት አየር ግን የሚያልፍበት። ከላዩ ለአይጥ የሚሆን ወፈር ያለ ሽቦ ደረቡበት፣ እሱም 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ከሰፋ የአይጥ ግልገል ይሾልካል አሉ።

ዋናው ሥራ ግን የቆርቆሮው ሞገድ ላይ ነበር። ወንፊቱን ቀጥ አድርገው ቢቸነክሩት በየቦዩ ሥር ቀዳዳ ይቀራል፣ ተርብ የምትፈልገውም እሱን ነው። ስለዚህ ካርቶን ቆርጠው የሞገዱን ቅርጽ ወሰዱና፣ ወንፊቱን በዚያ ልክ እያጠፉ አንድ በአንድ ቦዩ ውስጥ አስገቡት። ግማሽ ቀን ፈጀ። እኔ ለማሰሪያ ከመብራት ዝርጋታ የተረፈ የመዳብ ሽቦ አለኝ ስላቸው ጮኹብኝ፤ መዳብና ዚንክ ዝናብ ላይ ከተገናኙ መዳቡ የቆርቆሮውን ነጭ ልብስ ይበላዋል፣ ከዚያ ዝገት ነው። ዚንክ በተቀባ ገሊላ ሽቦ ነው ያሰሩት። ኮልሞውን መልሰው ሲገጥሙም የንፋስ ዝናብ እንዳይገባ ጠርዙን ወደ ታች አጠፉት። የላሉትን ሚስማሮች ላስቲካቸውን ቀየሩ። ግድግዳው ጫፍ፣ ከአሸንዳው በላይ ያለውንም ክፍተት በዚያው ወንፊት ጋረዱት እንጂ አልደፈኑትም፤ ከታች የሚገባ አየር ከሌለ ከላይ የሚወጣ የለም ብለው። ጣሪያውን የሚነካውን የማንጎ ቅርንጫፍ ደግሞ አስቆረጡኝ፣ የአይጡ መንገድ እሱ ነበር።

ሄዱ ስል በማግሥቱ አሮጌ ቀፎ ተሸክመው መጡ። በወይራ አጠኑትና ጓሮ ማንጎው ላይ ሰቀሉት። «ቤት ከከለከልሻት ቤት ስጫት» አሉ። አልከፈልኩበትም።

ዘንድሮ መስከረም ሰላይ ንቦቹ መጡ። ኮልሞው ላይ ሁለት ቀን ሲዞሩ፣ ሲነካኩ፣ ሲሞክሩ አየኋቸው፤ ልጄን ይዤ በር ላይ ቆሜ ልቤ እየመታ። በሦስተኛው ቀን መንጋው መጥቶ ቀፎው ውስጥ ገባ። እማዬ እልል አለች፣ ጎረቤት ልጅ ተወለደ መስሎት ወጣ። አሁን ኅዳር ነው፤ ኮርኒሱ ደረቅ ነው፣ ላብ የለ፣ ኮቴ የለ።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። 2 ሰዓት ካሉ 4 ሰዓት ነው የሚመጡት፣ ሁለቱንም ቀን። ቡና ካልተፈላም ከመሰላሉ አይወርዱም፣ ወይም ከወረዱ አይወጡም። ግን የእጅ ዋጋቸው ያ ፊተኛው ከወሰደብኝ ያንሳል። ጣሪያችሁ ውስጥ አሁን ንብ ካለም አይነኩባችሁም፤ መጀመሪያ ንብ አናቢ ጠርታችሁ ወደ ቀፎ አዛውሩ ነው የሚሉት፣ እንቢ ካላችሁ ሥራውን ትተው ይሄዳሉ።

አያ፣ እርስዎ ይህን አያነቡትም፣ ልጆችዎ ግን ያነቡልዎታል። እጅዎ ይባረክ። ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። እማዬ ደግሞ ከጎኔ ሆና አንድ ነገር ጨምሪ ትለኛለች፦ ሥራው ሲያልቅ የሽቦውን ቁርጥራጭ ከግቢው ራሳችሁ ልቀሙ፣ እሳቸው አይለቅሙም፣ እግሯን ወግቷታል።