«አዲስ ጄት ገብቷል» ሲሏችሁ አሮጌውን ሳትቀበሉ እንዳትከፍሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። «ማርሚታና (የጭስ ማውጫ) ፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ስለቀየርኩ ቤንዚኑን አስተካክሉልኝ» ብላችሁ ሞተር ሳይክል ይዛችሁ ጋራዥ የምትገቡ ሁሉ አንብቡት። ዋናው ጄት፣ ማለትም ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚኑን በልኩ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ብሎን፣ ከ100 ወደ 105 ይቀየራል ተባለ፣ የአዲስ ጄት ሂሳብ ተከፈለ፣ «አልቋል፣ ውሰድ» ተባለ። ውስጥ ያለው ግን ያው የድሮው ጄት ነው፤ በትራፓኖ ተበስቶ።

ከከፈልኩ በኋላ «የወጣውን አሮጌ ጄት ስጠኝ» ስለው ሠራተኛው ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። «አሮጌውማ እዚያው ነው፤ ትንሽ ከፈት አደረግኩልህ። ምን ለውጥ አለው? ቀዳዳ ቀዳዳ ነው።» ትራፓኖው ፑንታው (መብሻ ጫፉ) እንኳን ሳይወጣለት ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ሥሩ የነሐስ ብናኝ ተበትኗል። የካርቡራቶሩን የታች ሳህን አስፈትቼ ጄቱ ሲወጣ፣ ራሱ ላይ 100 የሚለው ቁጥር እንዳለ ነው። ደረሰኙ «አዲስ ጄት» ይላል። ኃላፊው መጥቶ ደረሰኙን ዞር ብሎ እንኳን ሳያይ፣ «ተነሥቶልህ የለ እንዴ? እንዲህ የምታውቅ ከሆነ ለምን ራስህ አልሠራኸውም?» አለኝ።

ቀዳዳ ቀዳዳ አይደለም። እንደ ዴሎርቶና ዌበር ባሉ ካርቡራቶሮች ጄቱ ላይ የተመታው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ከዳር እስከ ዳር ነው፤ 100 ማለት 1.00 ሚሊ ሜትር፣ 105 ማለት 1.05። (የሚኩኒ ባለ ስድስት ጎን ጄቶች የሚቆጠሩት በሚያሳልፉት ቤንዚን መጠን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር ቁጥር ለቁጥር አይነጻጸሩም።) ቤንዚኑ የሚያልፈው በቀዳዳው ስፋት ብቻ ሳይሆን በስፋቱ ካሬ ልክ ነው። ከ1.00 ወደ 1.05 መሄድ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቦታ 10 በመቶ ያህል ይጨምረዋል። የእኔውን ጄት በቀጫጭን ፑንታዎች ለስላሳ ጭራ ስለካው 1.10 ላላ ብሎ አለፈ፣ 1.15ም አለፈ፣ 1.20 ላይ ቆመ። ቢያንስ 32 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። የተጠየቀው አንድ ደረጃ፣ የተሰጠው ሦስት ደረጃ።

በእጅ የተያዘ ትራፓኖ ቀጭን ፑንታን ያወዛውዘዋል፤ ስለዚህ በ1.10 የተበሳ ቀዳዳ 1.10 ሆኖ አይወጣም። በዚያ ላይ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ የተሳለ ፑንታ ይነክሰውና ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፣ ግድግዳው ላይ ጠመዝማዛ ጭረት ይቀራል፣ መውጫው ላይ ሹል ቅርፊት ይንጠለጠላል። ፋብሪካው አስልቶ የሠራው የመግቢያው ስሎፕ ይበላሻል። የጄት ፍሰት ደግሞ በዚያ መግቢያ ቅርጽ ላይ በጣም ይወሰናል፤ እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች እንኳን እኩል ቤንዚን ላያሳልፉ ይችላሉ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ቁጥሩ ነው። ነገ ሌላ መካኒክ ሳህኑን ፈትቶ 100 የሚል ያነባል። ካንዴላው ጠቁሮ ሲያገኘው ጄቱን ሳይጠረጥር የካርቡራቶሩን መርፌ ዝቅ ያደርጋል፣ ጋላጃንቴውን (የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ) ያጣምማል፣ ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ልክ) ይነካካል። አንድ የውሸት ቁጥር ደህና የነበረውን ሁሉ ያስበላሻል።

ቤንዚን የበዛበት ሞተር ምልክቱ ግልጽ ነው። ጋዝ ሙሉ ሲሰጠው ይንተባተባል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ደረቅ ጥላሸት ይለብሳል። ውስጥ ውስጡን ደግሞ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል፤ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ ስታሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ካለ ዘይቱ ቀጥኗል፣ ፋሻና (የፒስተኑ ቀለበት) ሲሊንደር እየተበላ ነው።

ይህን ስነግረው ኃላፊው ያቀረበው መፍትሔ ይባስ። «በሊድ ደፍነን እንደገና እንበሳዋለን።» ቀልጦ የተሞላው የብየዳ ሊድ ተነቅሎ ቀዳዳውን ቢዘጋው ወይም ሲበሳ ቢጠብ ሞተሩ ቤንዚን ያጥረዋል፤ ሙሉ ጋዝ ላይ ቤንዚን ያጠረው ሞተር ደግሞ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ፒስተን እስከመብሳት ይደርሳል። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሆነ ቤንዚኑ ሲቀንስ ዘይቱም አብሮ ስለሚቀንስ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቆማል።

ጄት መብሳት ሁሌ ወንጀል ነው አልልም። ጄቱ መመረት ላቆመ አሮጌ ካርቡራቶር በጣት በሚዞር ትንሽ መያዣ፣ በ0.05 ደረጃ፣ ቀስ ብሎ የሚያሰፋ፣ ቅርፊቱን የሚያጸዳ፣ የድሮውን ቁጥር ፍቆ አዲሱን የሚጽፍ ባለሙያ አለ። እሱ ግን አስቀድሞ ይነግራችኋል፤ የአዲስ ዕቃ ዋጋም አያስከፍላችሁም።

ሌላም አለ፦ ዋናው ጄት በደንብ የሚሠራው ጋዝ ከሦስት አራተኛው በላይ ሲከፈት ነው። ሞተራችሁ ሚኒሞ ላይ እየጠፋ ወይም ጋዝ ገና ስትነኩት እያንገራገረ «ዋናውን ጄት ላስፋው» የሚላችሁ ሰው ሥራውን አያውቅም። እዚያ የሚመረመረው የሚኒሞው ጄት፣ የአየሩ ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) እና በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል የሚገባ የአየር ሌብነት ነው። አየር የሚያስገባውን የአየር ጄት የሚበሳማ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ይሠራል፤ እሱ ሲሰፋ ቤንዚኑ ይቀንሳል።

አሮጌውን ጄት በእጃችሁ ተቀበሉ፣ አዲሱን ከመግባቱ በፊት ወደ ብርሃን አቅንታችሁ በአጉሊ መነጽር እዩት፤ ጭረት ወይም ሞላላነት ካለው መልሱት። የተበሳ ጄት ከገባባችሁ በመድፈን አትድከሙ፦ አውጥታችሁ ጣሉት፣ የፋብሪካውን ቁጥር አዲስ ግዙና ከዚያ በአንድ በአንድ ደረጃ ውጡ፣ ዘይቱንም ቀይሩ።