ጎተራው ሰፊ፣ እህሉ አንድ ቁና፦ «ከፍተኛ ጥራት» ያለው የሮክ አልበም ከወራት ማዳመጥ በኋላ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው አንድ የታወቀ የሮክ ባንድ በቅርብ ዓመታት ያወጣውን አልበም ነው። የገዛሁት ቅጂ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ (ድምፁ ምን ያህል በረቀቀ ልኬትና በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ በሚያሳዩ ቁጥሮች) የተዘጋጀ፣ ሻጮች «ከፍተኛ ጥራት» የሚሉት ፋይል ሲሆን፣ ከተራው ቅጂ ይልቅ ውድ ነው። የዚሁ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሲዲ የታተመ ሥራ ቀድሞ በእጄ ስለነበረ፣ ሁለቱን በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ የጆሮ ማዳመጫና በአንድ ጥንድ ስፒከር ለወራት እያፈራረቅሁ አዳምጫለሁ። ችግሩ የአንድ አሳታሚ ብቻ ስላልሆነ የባንዱን ስም አልጠቅስም። ፍርዴን ግን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ዘፈኖቹ መልካም ናቸው፤ ድምፁ ግን ለተከፈለበት ዋጋ አይመጥንም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ አላሰብሁም ነበር። ከአሮጌው ሲዲ ወደ አዲሱ ፋይል በተሻገርሁ ቁጥር ሙዚቃው ጎላ፣ ቀረብ፣ ጠንከር ብሎ ይሰማኝ ስለነበር የጨመርሁት ገንዘብ በከንቱ የወጣ አልመሰለኝም። ነገሩ ግን በአመዛኙ የቮሊዩም ልዩነት ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ጆሯችን ወፍራም ድምፆችን (ቤዝን) የሚሰማበት አቅም እንደ ድምፁ ከፍታ ይለያያል፤ ቮሊዩም ሲጨምር ቤዙ ከመካከለኛው ድምፅ በበለጠ ይጎላል። ስለዚህ ሁለት ቅጂዎችን ሳያስተካክል የሚያወዳድር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ከፍ ብሎ የሚጮኸውን እንጂ በሚገባ የተሠራውን አይደለም።

አዲሱን ፋይል በ8 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ገደማ ዝቅ አድርጌ ከሲዲው ጋር እኩል ሳደርገው ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በተለይ የስኔር ድራሙን፣ ማለትም ስለታም ድምፅ ያለውን ትንሹን ከበሮ፣ ልብ ብሎ ማዳመጥ ይበቃል። በአሮጌው ሲዲ ላይ ዱላው ቆዳውን ሲመታ መጀመሪያ አጭርና ስለታም ምት ይሰማል፤ የድራሙ አካል ድምፅና የክፍሉ ማስተጋባት የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። በአዲሱ ላይ ያ የመጀመሪያ ምት የለም ማለት ይቻላል፤ ድራሙ ከጊታሮቹ ግድግዳ በስተጀርባ እንደ ደበዘዘ ጥፊ ይሰማል። ሲምባሎቹ ደግሞ ተመትተው ቀስ በቀስ እንደመክሰም፣ ትልቁ ከበሮ በመታ ቁጥር ዝቅ ይሉና ተመልሰው ከፍ ይላሉ። ከሁሉም ያሳዘነኝ የአልበሙ ሁለተኛ ዘፈን ነው፤ በአንድ ጊታርና በለሆሳስ ድምፅ ይጀምርና መላው ባንድ በአዝማቹ ላይ ይገባል፤ ነገር ግን አዝማቹ ከመግቢያው በጥቂቱ እንኳ አይጎላም፤ መጨናነቁ ብቻ ይጨምራል። ዘፈኑን የደረሰው ሰው አድማጩ በዚያች ቅጽበት እንዲደነግጥ ፈልጎ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከዲጂታል ድምፅ ጣሪያ ነው። በዲጂታል ቀረጻ የመጨረሻው ከፍታ ዜሮ ዴሲቤል ተብሎ ይጠራል፣ ከእርሱ በላይ ምንም ቦታ የለም፤ ስለዚህ ሙዚቃው በአማካይ ይበልጥ እንዲጎላ ከተፈለገ፣ ከፍ የሚሉት ጫፎች ወደ ታች ተጨቁነው የቀረው ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። በሸክላ ዘመን ይህን ልማድ የሚገታው ተፈጥሯዊ ልጓም ነበር፤ ከልክ በላይ የጎላ ድምፅ ሰፊ ጉድጓድ ስለሚጠይቅ የሸክላውን የመጫወቻ ጊዜ ያሳጥራል፣ መርፌውንም ሊያዘልል ይችላል። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብ ያ ልጓም ቀረ፤ በ1990ዎቹ የሚመጣውን ምት አስቀድመው የሚያዩ ዲጂታል ሊሚተሮች (ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚገቱ መሣሪያዎች) ሲስፋፉ ደግሞ አሳታሚዎች እርስ በርስ በጉላት መሽቀዳደም ቻሉ። ኮምፕሬሰር፣ ማለትም በጎላውና በደካማው ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያጠብበው፣ በራሱ ክፉ መሣሪያ አይደለም፤ ያለ እርሱ የሮክ ድምፃዊ ከጊታሮቹ ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር። እዚህ የምተቸው በማስተሪንግ፣ ማለትም ያለቀው ቀረጻ ለኅትመት በሚሰናዳበት የመጨረሻ ሥራ፣ ጊዜ በመላው ሙዚቃ ላይ ያለ ልክ የሚጫነውን ነው።

ፋይሉን በድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቼ የሞገዱን ምስል ስመለከተው ከዳር እስከ ዳር የተሞላ ሰሌዳ ሆኖ አገኘሁት፤ አንዳንዶቹ ጫፎችም በቢላዋ እንደተቆረጡ ጠፍጣፋ ናቸው። በአዝማቾቹ ላይ በድምፁ ጫፍና በአማካዩ መካከል ያለው ርቀት 6 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ተራ ሲዲ በ16 ቢቱ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ሊይዝ ይችላል፤ 24 ቢት ደግሞ በንድፈ ሐሳብ 144 ይደርሳል። ተጨማሪ ገንዘብ የከፈልሁበት ስፋት፣ ከሲዲውም አቅም ጥቂቱን ብቻ ለሚጠቀም ሙዚቃ ማስቀመጫ ሆኗል።

ከወራት በኋላ የቀረው ዋናው ቅሬታዬ ድካም ነው። አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቁጭታ ማዳመጥ እየቀረ መጣ፤ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ዘፈን በኋላ እጄ ሳላስበው ቮሊዩሙን መቀነስ ይጀምራል፣ ትንሽ ቆይቶም አጠፋዋለሁ። ለፍትሕ ያህል፣ በመኪና ውስጥ የሞተሩ ጩኸት ደካማ ድምፆችን በሚውጥበት ጊዜ ይኸው ቅጂ ከአሮጌው ሲዲ በተሻለ ይሰማል።

በሪማስተር (ማስተሪንጉ እንደገና ሲሠራ) ይታረማል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ገዢ ደግሞ ጉዳቱ የት ላይ እንደደረሰ ቢያጣራ ይበጀዋል። የሮክ ባንዱ የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ፣ እነዚያው ዘፈኖች በ«ጊታር ሂሮ» የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ያን ያህል ሳይጨቆኑ ቀርበው ስለነበር አድማጮች ልዩነቱን ወዲያው ለዩት፤ ከ10,000 የሚበልጡ ሰዎችም አልበሙ እንደገና እንዲሠራ በፊርማ ጠየቁ። ጉዳቱ ከማስተሪንጉ በፊት በሚክሲንጉ፣ ማለትም የየመሣሪያው ቀረጻ በሚዋሐድበት ሥራ፣ ላይ ደርሶ ከሆነ፣ ማስተሪንግ ብቻውን የጠፋውን ምት አይመልስም። ራሽ የተባለው የካናዳ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣውን «ቬፐር ትሬይልስ» እ.ኤ.አ. በ2013 ከየመሣሪያው ቀረጻ ተነሥቶ እንደገና ሚክስ አስደርጎ ያወጣው፣ አባላቱ ራሳቸው በመጀመሪያው ድምፅ ስላልረኩ ነው።

የሚገርመው፣ ለዚህ ሁሉ ጩኸት የቀረበው የንግድ ምክንያት ራሱ ዛሬ እምብዛም አይሠራም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 የጉላት መለኪያ ዘዴ ካወጣ ወዲህ፣ የሙዚቃ ማሰራጫዎች ዘፈኖችን በዚያ መለኪያ ወደ እኩል ጉላት ያመጣሉ፤ ስፖቲፋይ በመደበኛ ቅንብሩ ወደ −14 ሉፍስ (የዚያ መለኪያ አሃድ፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ድምፁ ይጎላል) ያወርዳል። በ−7 የተሠራ አልበም እዚያ ሲደርስ በ7 ዴሲቤል ይቀነስና ጉላቱን ያጣል፤ የተቆረጠው ጫፍ ግን ተቆርጦ ይቀራል።

የዚህኑ አልበም የሸክላ ቅጂ ከአንድ ወዳጄ ተውሼ ሞክሬዋለሁ። በጫፉና በአማካዩ መካከል ያለውን ርቀት ስለካ ለሸክላው በብዙ የተሻለ ቁጥር ባገኝም፣ ይህን ቁጥር እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም፤ ከዲጂታሉ ቅጂ ጋር ከአንድ ማስተር የተቀረጸ ሸክላም በመርፌና በማጫወቻው አሠራር ምክንያት ጫፎቹ ቅርጻቸውን ስለሚለውጡ ልኬቱ ከፍ ይላል። ስኔር ድራሙ በጆሮዬ ያው ደብዛዛ ነበር።

ይህን አልበም የሚፈልግ ሰው ተራውን ቅጂ ቢገዛ ምንም አይጎድልበትም፤ የባንዱን የቀድሞ ሥራዎች ለሚፈልግ ደግሞ ከአዳዲሶቹ ሪማስተሮች ይልቅ ያገለገሉትን የ1980ዎቹ ሲዲዎች እመርጥለታለሁ። ሻጮችም በፋይሉ ገጽ ላይ ከቢትና ከኪሎኸርዝ ቁጥር ጎን ማስተሪንጉ የተሠራበትን ዓመት፣ የሠራውን ባለሙያ ስምና የተለካውን ጉላት ቢጽፉ፣ ገዢው ምን እንደሚወስድ ከመክፈሉ በፊት ያውቅ ነበር።