ስድስት ኪሎ ማስተርስ ልትማሩ ነው? መጀመሪያ ስለ አማካሪው ጠይቁ

«ማስተርሴን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልማር ወይስ ሌላ ጋ?» ብሎ የማይጠይቀኝ ተመራቂ የለም ማለት ይቻላል። መልሴን እዚሁ ልንገራችሁ። ስድስት ኪሎ ይሻላል። ለተመራማሪ የሚሆን መጽሐፍ፣ ሰነድና ሰው የዚያን ያህል አንድ ላይ የተሰበሰበበት ቦታ በአገራችን የለም። ግን የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ አይታችሁ እንዳትመዘገቡ። ድኅረ ምረቃ ማለት አማካሪ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን (ቴሲሳችሁን) የሚመራላችሁ መምህር ማለት ነው። ጊዜ ያለው አማካሪ ያላገኘ ተማሪ የትም ተማረ የት ያው ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በኮሌጅነት የተጀመረው በ1950 ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው ግን በ1978 ሲሆን ፒኤችዲ ደግሞ በ1987 ተጀመረ። እስከዚያ ድረስ ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ሰው ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱት ውስጥም ብዙዎቹ እዚያው ቀርተዋል። ስለዚህ «እዚሁ እናስተምር» የሚለው ሐሳብ ያኔም ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው። ሲጀመር የተጀመረው በጥቂት ትምህርት ክፍሎች ነው። የስዊድን መንግሥት የምርምር ድጋፍም ለረጅም ዓመታት ላብራቶሪውንና የፒኤችዲ ተማሪውን ደግፏል።

ከ2000 ወዲህ ግን ነገሩ ፈጠነ። በጣት የሚቆጠሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆኑ። እነዚህ ሁሉ ማስተርስና ፒኤችዲ ያለው መምህር ይፈልጋሉ። ማን ያሰልጥንላቸው? ነባሮቹ፣ ከነባሮቹም በዋናነት አዲስ አበባ። ፍላጎቱ እውነተኛ ነበር፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። የሚቆጨኝ ቅደም ተከተሉ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን መጀመሪያ ፕሮግራም ተከፈተ፣ ከዚያ ተማሪ ገባ፣ አማካሪና ላብ ደግሞ በኋላ ይደርሳሉ ተባለ። አማካሪ ግን ቶሎ አይደርስም። ዛሬ ማስተርስ የጀመረ ልጅ ፒኤችዲውን ጨርሶ፣ ትንሽ ምርምር ሠርቶ፣ ሌላውን ለማማከር እስኪበቃ አስር ዓመት ገደማ ያልፋል።

እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በሌላ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስሙን አልጠራም። የላክሁት ምዕራፍ ሴሚስተሩ ሙሉ ሳይነበብ ቆየ፣ ሲመለስም የነጠላ ሰረዝ እርማት ብቻ ነበረው፣ ዳታዬ ትክክል ይሁን አይሁን የነገረኝ ሰው ሳይኖር ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ለመከላከል (ዲፌንስ) ቀረብሁ። አማካሪዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቀን መደበኛ ያስተምራሉ፣ ማታ ኤክስቴንሽን፣ ቅዳሜና እሑድ የግል ኮሌጅ፤ ደመወዙ ስለማይበቃ። በዚያ ላይ የተመደበላቸው የቴሲስ ተማሪ ብዛት! አንድ ሰው ይህን ሁሉ ጽሑፍ በምን ሰዓት ያነባል?

ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ፣ በጣም የምወድለት አገልግሎት የቴሲስ ማከማቻ ድረ ገጹ ነው። የማስተርስና የፒኤችዲ ጽሑፎች እዚያ ተጭነዋል፣ ክፍያ የለውም፣ ተማሪ መሆንም አይጠበቅባችሁም። ጎንደርም ተቀመጡ ዋሽንግተን፣ ፈልጋችሁ ታወርዳላችሁ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ርዕስ ለመምረጥ ብቻ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የአማካሪው ስም በእያንዳንዱ ቴሲስ ላይ ተጽፏል። ልታመለክቱ ያሰባችሁበትን ዲፓርትመንት መምህራን ስም አስገቡና ምን ምን እንዳማከሩ፣ መቼ እንዳማከሩ እዩ። ከዚያ ሁለት ሦስቱን አውርዳችሁ የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብቡ። የጠበቀ አማካሪና የለቀቀ አማካሪ ወዲያው ይለያሉ።

ያው ማከማቻ የመስፋፋቱንም ዋጋ ያሳያችኋል። የባንክ አገልግሎት ጥራትና የደንበኛ እርካታ የሚል ርዕስ ፈልጉ፤ ባንኩ እየተቀየረ፣ መጠይቁ እየተመሳሰለ ይቀጥላል። ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም። ጊዜ የሌለው አማካሪና በግሉ ከፍሎ ሥራ እየሠራ የሚማር ተማሪ ሲገናኙ ሁለቱም የሚያውቁትን መንገድ ይመርጣሉ። እንዲህ ያለ ቴሲስ ዲግሪ ያስገኛል። ለባንኩም ለአገሩም ግን አዲስ ነገር አይነግርም፣ ይህ ደግሞ ያሳዝናል።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ1963 የተመሠረተው ይህ ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ታሪክ፣ ቋንቋ ወይም ባህል ለምታጠኑ ሰዎች ስድስት ኪሎን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው። የብራናውና የድሮ ጋዜጣው ክምችት ብቻውን ይበቃል።

አሁን በእቅድ ማደግ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው ያለው። በ2003 በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ለ70 ሚሊዮን ሕዝብ! ውጭ የተላከው አይመለስም፣ እዚህ ደግሞ ስፔሻሊስት የሚያሰለጥን ፕሮግራም አልነበረም። ያን ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤቱ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ከፈተ። የካናዳ መምህራን በበጎ ፈቃድ በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጡ አንድ አንድ ወር ከኢትዮጵያውያኑ መምህራን ጎን ማስተማር ጀመሩ። ሬዚደንቱ፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም፣ ከአገሩ አይወጣም፣ የሚያክመውም የራሱን ሕዝብ ነው። ምን እንደሚያስፈልግ የሚወስኑት እዚህ ያሉት ሐኪሞች ናቸው። የተመረቁት ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ውጭም ሄደው የአእምሮ ሕክምና ጀመሩ፣ የሐኪሞቹም ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጥፍ ላይ እጥፍ አደገ። በ2008 ትብብሩ ሰፍቶ የድንገተኛ ሕክምናን፣ የቤተሰብ ሕክምናንና ሌሎችንም አካተተ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከተማሪው በፊት አስተማሪው ታሰበ። ተመራቂው በሚቀጥለው ዙር አስተማሪ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ቀን ታቅዶ ነበር። ይህን ያደረገው ሌላ አገር ያለ ሀብታም ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ጥቁር አንበሳ ያለው የእኛው ትምህርት ቤት ነው። የኢንጂነሪንጉም፣ የማኅበራዊ ሳይንሱም፣ የቢዝነሱም ትምህርት ክፍል የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

በ2023 ሁለት ለውጦች መጡ። አንደኛው አገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። እኔ እደግፈዋለሁ፤ በትውውቅ መግባትን ይቀንሳል። ግን ፈተናው የሚለካው የሚገባውን ተማሪ ነው፤ የሚቀበለውን ዲፓርትመንት የሚፈትን የለም። ሁለተኛው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ገንዘቡንና ሰዉን ራሱ ማስተዳደር መቻሉ ትልቅ ዕድል ነው። ፍርሃቴ አንድ ነው፤ ገቢ ሲያስፈልግ በጣም ቀላሉ መንገድ ከፋይ ተማሪ መጨመር ነው። እባካችሁ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ስንት ብቁ አማካሪ እንዳለው በይፋ ይለጠፍ፣ የቅበላ ቁጥሩም ከዚያ ይነሳ። ተማሪው ከፍሎ የሚገዛው የአማካሪውን ሰዓት ነውና ያንን የማወቅ መብት አለው።

እስከዚያው እናንተው ጠይቁ። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ዲፓርትመንቱ ቢሮ ሂዱ። አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ይይዛል? ባለፈው ዓመት ከገቡት ስንቱ በጊዜው ጨረሱ? ለመስክ ሥራ ወይም ለኬሚካል በጀት አለ ወይስ ከኪስ ነው? ከዚያ ወጥታችሁ ግቢው ውስጥ ያሉትን የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ያንኑ ጠይቁ። እነሱ አይደብቋችሁም። የቢሮውና የተማሪዎቹ መልስ ካልተገናኘ ብራችሁን ይዛችሁ ሌላ ዲፓርትመንት እዩ፣ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።