ምስጋና ለመለጠፍ የቱ ይሻላል? የቴሌግራም ቻናል፣ የቴሌግራም ግሩፕና ፌስቡክ ሲመዘኑ

ለታካሚ ገንዘብ ተሰባስቦ፣ ለቅሶ ተደርሶ ወይም የደብሩ ቆርቆሮ ተመትቶ ሲያበቃ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣም ሆነ በዳንግላ፣ ቤተሰቡ ወይም ኮሚቴው ምስጋናውን ብዙ ጊዜ የሚለጥፈው በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ወይም በቴሌግራም ቻናል ነው። ሦስቱም በነጻ ይሠራሉ። የሚለያዩት በሰጪው ስም አያያዝ ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ሰጪዎች በስም የሚነሱበት ምስጋና ቦታው በግብዣ ሊንክ ብቻ የሚገባበት ቻናል ነው። ፌስቡክ የማንም ስም ለሌለበት አጭር ምስጋና ይበቃል። ግሩፕ ለማሰባሰብ እንጂ ለማመስገን አይመችም።

ግሩፕ ላይ የተለመደው "እገሌ 5,000 ብር አስገብተዋል፣ እግዜር ይስጥልን" ብሎ የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት መለጠፍ ነው። ደረሰኙ ላይ ስም፣ የገንዘቡ መጠንና የግብይት ቁጥር አንድ ላይ ተቀምጠዋል። አባላቱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የአባላትን ዝርዝር መደበቅ የሚቻለው ግሩፑ ከ100 ሰው በላይ ሲሆን ነው። ሰጪው ራሱ "አስገብቻለሁ" ብሎ የጻፋት መልእክት ደግሞ ፎርዋርድ ስትደረግ አካውንቱን ይዛ ትሄዳለች። ይህን ለመቁረጥ እያንዳንዱ አባል በየስልኩ "ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ" ውስጥ ገብቶ "ፎርዋርድድ ሜሴጅስ" የሚለውን "ኖባዲ" ማድረግ አለበት፤ ያኔም ስሙ ይቀራል፣ የሚጠፋው ወደ አካውንቱ የሚወስደው ሊንክ ብቻ ነው። ስልክ ቁጥርንም እዚያው "ፎን ነምበር" ላይ "ኖባዲ" ማለት ይገባል።

ይሉኝታውም ቀላል አይደለም። አሥር ሺህ የሰጠው ከላይ፣ መቶ ብር የሰጡት እናት ከታች ሲደረደሩ፣ ቀጣዩ ሰው ወይ ከአቅሙ በላይ ይሰጣል ወይ ሹልክ ብሎ ከግሩፑ ይወጣል። ከዚህም የሚብስ አለ። ሰው ለገንዘብ በሚታገትበት በዚህ ጊዜ፣ የነጋዴን ስም ከነሰጠው ብር ማውጣት "ይኸው፣ እዚህ ገንዘብ አለ" ብሎ መጠቆም ነው። ኮሚቴዎች ይህን በጣም አክብደው ሊያዩት ይገባል።

"ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ ቢባልስ?" የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ስም ሳይወጣም ይመለሳል። ጠቅላላ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በግልጽ ይለጠፍ። ከሥሩ የእያንዳንዱ ግብይት ቁጥር የመጨረሻ አራት ፊደልና አሃዝ ከብሩ መጠን ጋር ይዘርዘር። ሰጪው የራሱን ከደረሰኙ ጋር አስተያይቶ ያገኘዋል፤ ሌላው ማን እንደሆነ አያውቅም። ሙሉ መዝገቡን ማየት የሚፈልግ ሰጪ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ሄዶ ይይ።

ፌስቡክ ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው ኤዲት ነው፦ ሰጪው ደውለው "ስሜን አውጡልኝ" ቢሉና ጽሑፉ ቢታረም፣ የፊተኛው ቃል "ኤዲት ሂስትሪ" ውስጥ ልጥፉን ለሚያይ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል። መፍትሔው ልጥፉን ጨርሶ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ታግ ነው፦ ለጓደኞች ብቻ ተብሎ የተለጠፈ ምስጋና ላይ ሰው ታግ ሲደረግ፣ የዚያ ሰው ጓደኞችም ሊያዩት ይችላሉ።

ቻናሉ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ተከታዮች እርስ በርስ አይተያዩም፤ ዝርዝሩን የሚያየው አድሚን ብቻ ነው። ጽሑፉ በማንኛውም ጊዜ ይታረማል፣ የቀድሞው ቃልም ለተከታዮች አይታይም። ሲከፈት "ፕራይቬት ቻናል" ይመረጥ፤ ሊንኩ ላይ የአድሚን ፈቃድ የሚጠይቀው ምርጫ ይብራ፤ የለጣፊውን አድሚን ስም ከጽሑፉ ጋር የሚያወጣው "ሳይን ሜሴጅስ" ይጥፋ። ፎርዋርድና ሴቭ ማድረግን የሚከለክለውን "ሪስትሪክት ሴቪንግ ኮንተንት" የመጀመሪያው ጽሑፍ ሳይወጣ ማብራት ግድ ነው፤ ቀድሞ ፎርዋርድ የተደረገ ቅጂ ዋናው ቢጠፋም ይኖራልና። በሌላ ስልክ ካሜራ ስክሪኑን የሚያነሳን ግን ምንም አያግደውም። ፎቶ ሲላክ እንደ ፎቶ ይላክ፤ እንደ ፋይል ከተላከ ካሜራው የመዘገበውን ቦታ ሳይቀር ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የቻናሉ ጉድለት አረጋውያንንና ኔትወርክ የሌለውን ገጠር አለመድረሱ ነው። ለነሱ ምስጋናው በዕድር ስብሰባ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ፤ ስልክም ይደወል።

ስም ከመውጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ ሰጪ ይህች መልእክት ትላክ፦ "ለምስጋናው በሙሉ ስምዎ፣ በክርስትና ስምዎ ወይስ ያለ ስም እንጥቀስዎ?" መልስ ያልሰጠ ያለ ስም ይቆጠር። የክርስትና ስም በእኛ አገር የተገኘ ድንቅ መላ ነው፤ ሰጪው መታሰቡን ያውቃል፣ ጎረቤት አይለየውም። ለሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደግሞ "ለአላህ ብላችሁ የሰጣችሁ" ማለት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አጻጻፉ ይህን ይምሰል፦

"ለእናታችን ሕክምና በጸሎት፣ በጉልበትና በገንዘብ ላገዛችሁን፤ ወለተ ሚካኤል፣ ወልደ ገብርኤል፣ ስማችሁ እንዳይጠቀስ ለጠየቃችሁንና ሳናውቅ ለዘለልናችሁ ሁሉ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን።"

ስሞቹ በሀ ሁ ተራ ይሁኑ እንጂ በብር መጠን አይደርደሩ። የበሽታው ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ፎቶ አይግቡ፤ "ሕክምናው ተጠናቋል" ማለት በቂ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር መድቦታል።

ማሰባሰቡ ሲያልቅ የሒሳብ ቁጥሩ ከየልጥፉ ይውጣ፣ "ተዘግቷል" ተብሎም ይጻፍበት። አጭበርባሪዎች የሰውን የእርዳታ ልጥፍ ገልብጠው የራሳቸውን ቁጥር ያስገቡበታል። ቁጥሩ መጀመሪያውኑ በፎቶ ላይ ሳይሆን በጽሑፍ ከተቀመጠ ማውጣቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።