የጤዛ መከላከያ ሄተር ለትንንሽ ሞተሮች፦ ያስፈልጋል ወይስ ትርፍ ወጪ ነው?

በሞተር ዋይንዲንግ (በውስጡ በተጠመጠመው ሽቦ) ጫፍ ላይ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ሄተር ሥራው አንድ ነው፤ ሞተሩ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ዋይንዲንጉን ከአካባቢው አየር በ5 ዲግሪ ገደማ አሙቆ ማቆየት። 5 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ20 ዲግሪ እርጥበት የጠገበ አየር 25 ዲግሪ ሲደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 74 በመቶ ይወርዳል፤ ጤዛው መያዣ ያጣል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ 25 ዋት አካባቢ የሚበቃውም ለዚህ ነው።

ሄተር ለመግዛት ሲታሰብ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ ቆሞ የሚያድርበት ሰዓት ነው መታየት ያለበት። ቀንና ሌሊት የሚዞር ሞተር ራሱ ስለሚሞቅ ሄተር አያሻውም። ተጠባባቂ ፓምፕ፣ ደጅ ያለ ማራገቢያ፣ ውሃ በሚረጭበት ክፍል የሚሠራና ሌሊቱን የሚቆም ሞተር ግን ያስፈልገዋል። «ድፍን ነው፣ አይፒ 55 ነው» ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው። አይፒ 55 የሚባለው የመከላከያ ደረጃ የተረጨ ውሃን ይከለክላል፤ ሲሞቅ በሻፍቱ (በሚዞረው ዘንግ) በኩል የሚወጣውን፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ የሚሳበውን እርጥብ አየር አያግድም።

ሄተሩ ከፋብሪካ ታዝዞ ቢመጣ ይሻላል። የተሠራ ትንሽ ሞተር ከፍቶ ማሰርና እንደገና ቫርኒሽ መቀባት ወጪው ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ይበልጣል። ሞተሩ በኢንቨርተር (ፍጥነቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የኢንቨርተሩን ማኑዋል ማየት ነው። የቅድመ ሙቀት ተግባር ካለው በቆመው ዋይንዲንግ ውስጥ ጥቂት ዲሲ ከረንት ለቆ ያሞቀዋል፤ ያኔ ሄተሩ ትርፍ ነው።

ገመድ አዘረጋጉ ቀላል ነው፤ በኮንታክተሩ (ሞተሩን በሚያበራና በሚያጠፋው ማብሪያ) ኖርማሊ ክሎዝድ ረዳት ኮንታክት፣ ማለትም ሞተሩ ሲቆም በሚገናኘው፣ በኩል ማለፍ፣ የራሱ ብሬከር መስጠት። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ተርሚናል ቦክሱ (ገመዶቹ የሚገናኙበት ሳጥን) ውስጥ 230 ቮልት አለ። ዋናውን ብሬከር ብቻ አጥፍቶ ክዳን የሚከፍት ቴክኒሻን በኤሌክትሪክ ይያዛል። ክዳኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ፤ የሄተሩ ብሬከርም ለብቻው ይቆለፍ።

ቮልቴጁን አለማመሳከር ሁለተኛው ጥፋት ነው። ለ115 ቮልት የተሠራ ባለ 25 ዋት ሄተር 230 ላይ ቢገባ 100 ዋት ይስብና ኢንሱሌሽኑን (የሽቦውን መከለያ) ያቃጥላል። የተገላቢጦሹ የሚሰጠው 6 ዋት ብቻ ነው፤ በእጅ ሲነካ ለብ ስላለ ደህና ይመስላል።

ሞተሩን በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ሲለኩ የሄተሩን ሁለት ገመዶች ከመስመሩ ነቅሎ ከአካሉ ጋር ወደ ኧርዝ ማሰር ነው። የተለካው የኢንሱሌሽን ኦም ወደ 40 ዲግሪ ሙቀት ተሰልቶ ከ5 ሜጋ ኦም በታች ከመጣ ሞተሩ ደርቆ ዳግም ሳይለካ አይነሳ። የታችኛው የውሃ መውጫ ቀዳዳም ይፈተሽ። ሞተሩ በጎኑ ወይም ቆሞ ከተገጠመ «የታችኛው» ቀዳዳ ታች ላይሆን ይችላል፤ በቀለም ተደፍኖ የሚገኝበት ጊዜም ብዙ ነው።

ይህ ዕቃ ክፉ ጸባዩ ዝም ብሎ መሞቱ ነው። ጠቋሚ መብራት ቮልቴጅ መኖሩን እንጂ ሄተሩ መሥራቱን አያሳይም። የባለ 230 ቮልት፣ 25 ዋት ሄተር ኦም 2,100 አካባቢ መሆን አለበት። ከረንቱ 0.11 አምፔር ስለሆነ በክላምፕ ሜትር (ገመዱን በመንጋጋው ከቦ ከረንት በሚለካ መሣሪያ) ለማንበብ ያስቸግራል፤ አንዱን ገመድ በመንጋጋው ውስጥ 10 ጊዜ ቢጠመጥሙት 1.1 ያሳያል።